ደጅ ጥናት በአይሮፕላን ሜዳ

አልፎ አልፎ ወጣቶች ይደውሉልኛል። ቁጥሬን ከየት እንደሚያገኙት እንጃ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ፣ «አንድ አየር መንገድ ኢንተርን ሊያደርገኝ ነው፤ አብራሪ ለመሆን ይጠቅመኛል?» ይሉኛል። «ምን ልትሠራ ነው?» እላለሁ። «ኢንተርን» ይላሉ። «እሱንማ ሰማሁ፤ ጠዋት ገብተህ ማታ እስክትወጣ ድረስ እጅህ ምን ይነካል?» እላቸዋለሁ። የሚፈልጉት «በርታ፣ ትልቅ ዕድል ነው» እንድላቸው ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ነገር አልፈጠረብኝም።

እኔም ኢንተርን፣ ማለትም ተለማማጅ፣ ነበርኩ። ሚዛን ተፈሪ፣ ሣር የበቀለበት የአይሮፕላን ሜዳ ላይ፣ ቦት ጫማ ተጫምቼ ላም ሳባርር ከርሜያለሁ።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ስልክ ሚዛን የገባ ሰሞን ነው። ጅማ ምህንድስና ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ቤት ገብቼ ተቀምጫለሁ። ሥራ አጥቼ አልነበረም። ቴፒ ያሉ የቡና ማጠቢያዎች ሞተር የሚያይላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ማብረር። አዲስ አበባ አንድ የአብራሪዎች ትምህርት ቤት አለ። ተማሪ የሚቀበለው ማስታወቂያ ሲያወጣ ብቻ ነው፤ መቼ እንደሚያወጣ ደግሞ አይታወቅም። ዕድሜም ይገድባል። ሳሰላው አንድ ጥሪ ይደርሰኛል፤ ሁለተኛው እስኪመጣ ግን ዕድሜዬ ያልፋል። ያቺ አንዷ ካመለጠችኝ በቃ፣ አለቀ። ስለዚህ መጽሐፌን ይዤ እሷን እጠብቅ ነበር።

አባቴ አስተማሪ ነው። ግማሹን የሚዛን ሰው ሒሳብ ያስተማረው እሱ ነው፤ አራተኛ ክፍል ገብቶ አራተኛ ክፍል ጡረታ ወጣ። ትምህርት ቤት ውስጥ «ሠርቶ ያገኘ ይከበራል» እያለ ያስተምራል፤ ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሃይማኖት ነበረው። «ሰው ይኑርሽ» ይለኛል። «ጎበዝ ጎበዙን ተማሪዬን አየሁት፣ ቡና ይለቅማል። ሰው ያለው ነው ቢሮ የገባው። እኔ ርዕሰ መምህርነቱ ስንት ጊዜ በአጠገቤ አለፈ! ለምን? ኮራሁ፣ ደጅ አልጠናሁም።» ደጅ መጥናት ድሮ መኳንንት በር ላይ ቆሞ ሹመት መጠበቅ ነበር። መኳንንቱ ከሄዱ ስንት ዘመናቸው፤ የእኛ ሰው ግን በሩን እስካሁን ይጠብቃል። አባቴ ራሱ በማንም በር ቆሞ አያውቅም፤ ለእኔ ነበር የሚመኝልኝ።

ያኔ አንዲት ትንሽ የግል አየር መንገድ ወደ እኛ አገር ትበር ነበር። ዛሬ የለችም፤ ስሟንም አልጠራም። ያላት አይሮፕላን ትንሽ ናት፤ የቡና ነጋዴ፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛና በሽተኛ ታመላልሳለች። በሚዛን የጣቢያ ኃላፊ የተባለው ሰው የአባቴ ተማሪ ነበር። አባቴ ስለ እሱ ሲነሳ «ማባዛት እስከ ዛሬ አይችልም» ነበር የሚለው። ሰውየው በዚያ ሙቀት ከረባት ያስራል፤ ዝናብ እየዘነበ ጥቁር መነጽር ያደርጋል። በእጁ የሬዲዮ መገናኛ ይይዛል፤ ሲጠፋም ሲበራም ይናገርበታል።

አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ ምሳ በላና፣ «ቲቸር፣ ልጅቷን ለእኔ ስጡኝ» አለ። እናቴ ደነገጠች፤ ሚስት እንዳለው ታውቃለች። «ኢንተርን ላድርጋት ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «ቤት ተቀምጣ ከምትጠብቅ ከውስጥ ሆና ትጠብቅ። የአብራሪዎቹ ማስታወቂያ ሲወጣ ስሟን የማስተላልፈው እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ የእናንተ መሥሪያ ቤትና ያ ትምህርት ቤት እኮ አይገናኙም» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰማይ አንድ ነው» አለኝ።

አባቴ ስብከት እንደሚሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ብሆን እንቢ አላልኩም፤ አይሮፕላን በእጄ መንካት እፈልግ ነበር። በዚያ ላይ «ከትንሽ ጊዜ በኋላ ከፊት፣ ከአብራሪው አጠገብ ትቀመጫለሽ» ብሎ ቃል ገባልኝ። ለዚያች ቃል ሲል የማይሞኝ ማን ነው?

ሥራው እንዲህ ነበር። ሜዳው አጥር የለውም። በአካባቢው እንደዚያ የጣፈጠ ሣር የለም መሰለኝ፣ የሰፈሩ ከብት ሁሉ ውሎው እዚያ ነው። አይሮፕላኗ ስትመጣ በላያችን አንዴ ትዞራለች፤ «ከብቱን አውጡ» ማለቷ ነው። እኛ ዱላ ይዘን እንሮጣለን። ካልወጣ ደግማ ትዞራለች። እረኞቹ አብዛኞቹ የቤንች ብሔረሰብ ልጆች ናቸው፤ እኔ በአማርኛ ስጮህ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው በሳቅ ይፈርሳሉ። ላሞቹ አማርኛ አይሰሙም! ኋላ ከእረኞቹ ጥቂት ቃል ተማርኩና መሰማት ጀመርኩ። በኢንተርንነቴ መጀመሪያ የሠለጠንኩት ሥልጠና ይኸው ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ሰው መመዘን ነው። ትንሽ አይሮፕላን ስለሆነች የተሳፋሪው ክብደት ሁሉ መታወቅ አለበት። ያለን ደግሞ የቡና ጆንያ መመዘኛ ብቻ ነው። አንድ ቦርጫም ነጋዴ «እኔ ጀንፈል ቡና ነኝ እንዴ? አልወጣም!» ብሎ ተቆጣ። አለቃዬ የሄደለት መስሎኝ ዞር ስል እሱ የለም፤ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቷል። እኔ ነኝ ያን ነጋዴ ለምኜ፣ አሞግሼ፣ አባብዬ መመዘኛው ላይ ያወጣሁት። የቀረው ጊዜ የእሱን ሻይ ማምጣት፣ መነጽሩን መፈለግና ወንበር መወልወል ነበር።

ሰፈሩ ደግሞ ሥራ በገባሁ በማግሥቱ «ካፒቴን» ብሎ ሾመኝ። «አየር መንገድ ገባች» ተባለ፣ አለቀ። ኢንተርን ማለት ምን እንደሆነ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። በአገራችን መንገደኛ የሚይዘው አደራ አያልቅምና ጎረቤቱ በሙሉ ዕቃውን ይዞልኝ መጣ። የማሻ ማር፣ ኮረሪማ፣ ሙዝ በዘለላው፣ «አዲስ አበባ ላለው ልጄ» እየተባለ በራችን ላይ ይከመራል። አንዲት ጎረቤታችን እግሩን ያሰረችውን አውራ ዶሮ አቅፋ መጣችና፣ «እንኪ ካፒቴን፤ ዶሮው ከፍታ እንዳይፈራ ከፊት አስቀምጪልኝ» አለችኝ። «እትዬ፣ እኔ ራሴ ከፊት ተቀምጬ አላውቅም» ብላት፣ «ካስጠላሽ ግልጹን ንገሪኝ!» ብላ ተቀየመች። እስከ ጥምቀት አላናገረችኝም።

ከፊት የምቀመጥበት ቀን ደረሰ ተባለ። ሱሪዬን ተኩሼ ለበስኩ፤ እናቴ ጎረቤቱን ጠርታ ሜዳው ዳር ቆመው ሊያዩኝ መጡ። እግሬን ላነሳ ስል የአለቃዬ አማት ሁለት ጀሪካን ማር ይዘው ከባጃጅ ወረዱ። «አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሌላ ቀን ይደርስሻል» አለኝና አማቱን አሳፈረ። ጎረቤቶቼ ከመጡ አይቀር ብለው ለአማቱ እጃቸውን እያውለበለቡ ሸኟቸው። አባቴ «አየሽ፣ ሰው ያለው ነው የሚቀመጠው» አለኝ፤ ጭራሽ ለእሱ ነገሩ ማስረጃ ሆነለት። እኔ በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። ያ ሌላ ቀን የሚባለው እስካሁን አልመጣም።

ፍሬ ያለው ነገር ያገኘሁት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ከሸኮ በኩል ጥቁር ደመና መጥቶ ተራራውን ሸፈነው። ነጋዴዎቹ «እንሂድ፣ ጉዳይ አለን» እያሉ ይጮሃሉ፤ አለቃዬም ከእነሱ ጋር ሆኖ «ካፒቴን፣ ቀላል ዝናብ ነው» ይላል። አብራሪው ወጥቶ ሰማዩን አየ፣ «አልሄድም» አለ፣ ገብቶ ቁጭ አለ። አለቀ። ጮሁበት፣ ተሳደቡ፤ እሱ ሻዩን ይጠጣል። የዚህ ሥራ ትልቁ ነገር እንቢ ማለት መሆኑን ያን ቀን አየሁ፤ ይህንንም ያስተማረኝ አለቃዬ አይደለም።

አጋጣሚውን አገኘሁና አብራሪውን ጠየቅኩት። «ካፒቴን፣ እኔ እዚህ ኢንተርን ነኝ፤ ለአብራሪነት ይጠቅመኛል?»

«ኢንተርን? እዚህ?» አለ፤ ቦት ጫማዬን አየው። «ምን ትሠሪያለሽ?»

«ላም አባርራለሁ፣ ሰው እመዝናለሁ።»

ሳቀ፤ ግን የክፋት ሳቅ አልነበረም። «ላሞቹን ስለምታስወጪልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እህቴ፣ ፈተናው ላይ ላም የለም። ሒሳብና ፊዚክስሽን አጥኚ፣ እንግሊዝኛሽን አሻሽዪ። ዓይንሽን ሐኪም ያየዋል፤ ከዚያ ቁጭ አድርገው ይጠይቁሻል። ማን ላከሽ የሚልሽ የለም።»

አብራሪው እንደሄደ አለቃዬ መነጽሩን አስተካከለና፣ «እሱን አትስሚ፤ እሱ ምን ያውቃል፣ ሹፌር ነው እኮ! ቢሮ ያለው እኔ ነኝ» አለኝ። ሰው እንዲህ ሲናገር እንኳ አያፍርም።

ማስታወቂያው የወጣው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። በሬዲዮ ሰማሁት። ምዝገባው አዲስ አበባ፣ በአካል፤ የቀረውም ሳምንት የማይሞላ ጊዜ ነው። ሮጬ ለአለቃዬ ነገርኩት።

«ንቅንቅ እንዳትዪ» አለኝ። «ስምሽን አሳልፌያለሁ።»

«ለማን?»

«ለሚመለከተው።»

«የሚመለከተው ማን ነው ጋሼ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው አታምኚም፤ ይሄ ጠባይሽ ይጎዳሻል» አለኝ።

ቤት ስገባ አባቴ ቀድሞ ሰምቷል። ሰውየው ደውሎለታል።

«ቃል ከገባልሽ ምን ያሯሩጥሻል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ።

«አባዬ፣ እንቁላሉ እስኪሄድ የእኔ ዕድሜ ያልፋል! ማባዛት አይችልም ያልከኝስ አንተ አይደለህ?»

«ባይችልም ወንበር ላይ ነው።»

«የፕላስቲክ ወንበር ነው!»

«አፍሽን ሰብስቢ። ጥለሽው ከሄድሽ ይቀየማል። የተቀየመ ሰው ስም ይሰርዛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።»

«ብብቴ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የላም ዱላ ነው!»

ድምፄን በአባቴ ላይ ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። እሱም ተነሳ፣ መኝታ ቤት ገባ፣ በሩን ዘጋ። እናቴ ልብሴን አጣጥፋ ቦርሳ ውስጥ ከተተችልኝ።

በማግሥቱ አይሮፕላኗ ሦስት ባዶ ወንበር ይዛ ወደ አዲስ አበባ ልትነሳ ነው። ንዴቴን ውጬ፣ «ጋሼ፣ ምዝገባው እንዳያመልጠኝ በአንዷ ልሂድ» አልኩት። «ተለማማጅ በግል ጉዳይ አይሳፈርም፤ አውቶቡስ አለልሽ» አለኝ። ወንበሮቹ ባዷቸውን ሄዱ። እኔ በአውቶቡስ ወጣሁ። አባቴ አልሸኘኝም፤ ስወጣ ከመኝታ ቤት ሲያስል ብቻ ሰማሁት።

ያኔ አስፋልት የለም። ቦንጋ ሳንደርስ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሰመጠና ወርደን ገፋን። ወገቤ ድረስ ጭቃ ሆኜ ቀና ስል ያቺ አይሮፕላን በላያችን ታልፋለች። በቀጣዩ በረራዋም ስንት ባዶ ወንበር እንደያዘች እግዜር ይወቀው። አላስቻለኝም፣ እዚያው ቆሜ አፌ እንዳመጣልኝ ተሳደብኩ። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት «ልጄ፣ ሰማዩን ነው የምትሰድቢው?» ብለው አማተቡ።

ለምዝገባው የደረስኩት በመጨረሻው ቀን ነው። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አረፍኩ። ጽሑፉን ተፈተንኩ፤ ሐኪሙ ዓይኔንም ጆሮዬንም አየ፤ በመጨረሻ ሦስት ሰዎች ፊት ቀረብኩ። «ከተመረቅሽ ወዲህ ምን ስትሠሪ ነበር?» አሉኝ። ላስውበው አሰብኩና ተውኩት። ስለ ላሞቹ፣ ስለ መመዘኛውና ስለ ዶሮው ነገርኳቸው። ሳቁ። አንዷ ግን ሳቋን ገታ አድርጋ፣ «አብራሪው ዞሮ ላሟ ባትወጣስ?» አለችኝ።

«ደግሞ ይዞራል።»

«ነዳጁ ባይፈቅድለትስ?»

«ያኔ ሜዳውን ትቶ ቴፒ ይሄዳል። ሚዛን የሚጠብቁት ነጋዴዎች ይሳደባሉ እንጂ አይሞቱም።»

ይህ መልስ ይጥቀመኝ አይጥቀመኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው፣ ማን ላከሽ ያለኝ አንድም ሰው አለመኖሩን ነው። የአለቃዬን ስም የሚያውቅ ቀርቶ ሚዛን ላይ ኢንተርን እንዳለ የሰማ አልነበረም።

ውጤት እስኪወጣ ብዙ ጠበቅኩ። ቤት ስደውል እናቴ ብቻ ነበረች የምታናግረኝ፤ አባቴን አቅርቢልኝ ስላት «ወጣ ብሏል» ትለኛለች። ኩርፊያው አልበረደለትም ብዬ እኔም አኮረፍኩ። አንድ ቅዳሜ ስማችን ተለጠፈ። ስሜን አየሁት። ደግሜ አየሁት። እልል ማለት አማረኝ፤ ብቻዬን ስለነበርኩ ተውኩትና ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው አባቴ ነው።

«አባዬ፣ አልፌያለሁ።»

ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «ተመስገን። ተመስገን አምላኬ። እሱንም እግዜር ይስጠው» አለ።

«ማንን?»

«ኃላፊሽን ነዋ። ቃሉን ጠበቀ። በይ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ደውለሽ አመስግኚው።»

ደሜ ፈላ። ለዚህ ቀን ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር! «ስማኝ አባዬ» ብዬ ልጀምር ስል እናቴ ስልኩን ተቀበለችው። ወደ ጓሮ ስትወጣ እግሯ ሲራመድ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ምንም እንዳትዪው» አለች በሹክሹክታ። «ከሄድሽ ጀምሮ በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሰውየው በር ላይ ይቆማል። ቀዝቅዞ፣ በስብሶ ይመጣል። አንዳንዴ ‹ተኝቷል› ይሉታል፣ ጠብቆ ይመለሳል። ‹ልጄን ይማሯት፣ ልጅነት ነው፣ ስሟን አይሰርዙባት› ይለዋል። አባትሽ፣ ያን ልጅ፣ አንቱ ይለዋል።»

አባቴ ያን ሰው ቁምጣ ለብሶ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲያለቅስ ያውቀዋል። እኔ ፈተናዬን ሳጠና፣ እሱ ደግሞ በራሱ መንገድ እኔኑ ሊያስገባ ዝናብ ላይ ቆሞ ነበር። ለከንቱ ነው የቆምከው ብዬ እንዴት ልንገረው?

ስልኩን መልሶ ተቀበለና «ምን አለችሽ?» አለኝ።

«ምንም። እውነትህን ነው አባዬ፣ አመሰግነዋለሁ» አልኩት።

በማግሥቱ እሁድ ከቀትር በኋላ ለሰውየው ደወልኩ። «ጋሼ፣ አልፌያለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ውለታዎን አልረሳም» አልኩ።

«ነግሬሽ አልነበር? ብዙ ለፍቼበታለሁ» አለኝ፤ እያኘከ ነው የሚያወራው። «ይኸው ቲቸርም ለምስጋና መጥተዋል። ምሳ ላይ ስለሆንኩ በሩ ላይ ትንሽ ይጠብቁ ብያለሁ።»

ከድምፁ በስተጀርባ ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድበው ይሰማኛል። ስንት ወር ያጠራቀምኩት ስድብ ሁሉ ምላሴ ላይ መጣ። አንዱንም አላወጣሁም።

«ጋሼ» አልኩት፣ «በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ አባቴን ያስገቡልኝ።»